ማስተካከያ፦ ስለ «ማክ-4» መጠይቅ አቆጣጠር

ባለፈው ወር ደሴ ላይ ለተካሄደው የወጣቶች ውይይት ባዘጋጀሁት ጽሑፍ፣ ሰውን ለራስ ጥቅም የመጠቀም ዝንባሌን ስለሚለካው «ማክ-4» መጠይቅ «ከ60 በላይ ያገኘ ሁሉ መሰሪ ነው» ያልኩት ስሕተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ክሪስቲ እና ፍሎረንስ ጋይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ይህ መጠይቅ 20 ዐረፍተ ነገሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ከ1 (ፈጽሞ አልስማማም) እስከ 7 (በጣም እስማማለሁ) ይመዘናል፤ በድምሩ ላይ 20 ስለሚታከልበት ነጥቡ ከ40 እስከ 160 ይደርሳል፣ መካከለኛውም 100 ነው።

የባሰው ጥፋቴ ግን ግማሾቹ ዐረፍተ ነገሮች በተቃራኒ የተጻፉ መሆናቸውን መዝለሌ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ወጣት ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያሳየኝ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግ ነው ከሚለው ሐሳብ ጎን 7ን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦታል፣ በእኔ አቆጣጠር ግን ይኸው ቅንነቱ እንደ ተንኮል ተደምሮበታል። በትክክለኛው ስሌት 7 ከ8 ተቀንሶ 1 ብቻ ይያዛል።

መጠይቁ የዝንባሌን መጠን ያመለክታል እንጂ የበሽታ ምርመራ አይደለም፤ መልሱም የመላሹ የራሱ ቃል ስለሆነ፣ ብልጥ ሰው ሊያሳምረው ይችላል። የቀድሞው ወረቀት በእጃችሁ ያለ ነጥባችሁን እንደገና አስሉ፤ ያንን ወጣት በአካል ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።