ፖስተሩ ላይ ያለው ቧንቧ
የጤና ማበልጸግ ባለሙያዎች ማኅበር ያወጣውን ሪፖርት ሳነብ «በዓመቱ በሰጠናቸው ሥልጠናዎች ግንዛቤ ተፈጥሯል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ፈገግ አልኩ። ደሴ ውስጥ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት ለዓመታት ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። እጅ መታጠብ ጥሩ መሆኑን የማታውቅ እናት አልገጠመችኝም፤ የገጠመኝ ባዶ ጀሪካን ነው። አንዷ ቡና እያፈሉ «ወላሂ ልጄ፣ ሳሙናውስ አለ፤ ቧንቧው ነው ሳምንቱን ሙሉ ጭጭ ያለው» ሲሉኝ ፖስተሬን ጠቅልዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። (ፖስተሩ ላይ ያለው ቧንቧ ግን ሲንዠቀዠቅ ብታዩት!) ኮምቦልቻ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ቀን ስትሄድ በራቸው ዝግ ነው፤ በፈረቃ ነው የሚኖሩት። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የጤና ማበልጸግ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የኦታዋ ቻርተር፣ እኮ የሰውን ክህሎት ማዳበርን ከአምስት ሥራዎች አንዱ ብቻ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ጤናማ ፖሊሲና ምቹ አካባቢ መፍጠርም አሉበት። ሪፖርቱ ሥር በአስተያየትህ «ማኅበር መዋጮ ከመሰብሰብ ሌላ ምን ሥራ አለው» ላልከው ወንድሜ ግን አልስማማም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስን ሲከለክል ካፌ ውስጥ «ሕግ ነው፣ ውጭ» ማለት ተቻለ። እንዲህ ያለ ሕግ እንዲወጣ አንድ ባለሙያ ብቻዋን ብትጮህ ማን ይሰማታል? ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እናንተ የማኅበሩ ሰዎች፣ ለከርሞ ስንት ሰው እንደሠለጠነ ብቻ ሳይሆን፣ ከውሃ ኃላፊዎችና ከፋብሪካ አሠሪዎች ጋር ስንቴ እንደተቀመጣችሁም ጻፉልን።