ትምህርት ቤት ያልገባውን ልጅ ማን ይቁጠረው?

ባሕር ዳር ውስጥ የጤና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩበት ወቅት ሲደርስ፣ የጣና ዳር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አያጡም። ቢልሃርዚያን፣ ማለትም ከሐይቅና ከወንዝ ውሃ የሚይዘውን የትል በሽታ ለመመርመር፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ለየልጁ ያድላሉ። ልጆቹ እያፈሩና እየተጎሻሸሙ ይሄዱና ሰገራቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ላብራቶሪ ውስጥ 41.7 ሚሊ ግራም ተለክቶ ስላይድ ላይ ይደረጋል፤ በማይክሮስኮፕ የታየው የትል እንቁላል ተቆጥሮ በ24 ይባዛል። በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ይህን ሥራ ከልቤ አከብራለሁ። ቢልሃርዚያ ደም ያሳንሳል፣ ዕድገት ያቀጭጫል፣ ልጅን ከትምህርቱ ያዘገያል፤ ስለዚህ ማን እንደታመመ መቁጠሩ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ግን ብዙዎቹ ጥናቶች ከትምህርት ቤቱ አጥር አለመውጣታቸው ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ትምህርት ቤት የስም ዝርዝር አለ፣ ዕጣ ማውጣት ይቻላል፣ የተማሪው ገንዘብም ጊዜውም አጭር ነው። ነገር ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ውረዱ። ደንገሉ አጠገብ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ የአባቱን መረብ የሚያጥብ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ታያላችሁ። ትንሽ ራቅ ብላ እናት ልብስ ታጥባለች፤ ገና ድክ ድክ የምትል ልጇ እዚያው ትንቦራጨቃለች። የበሽታው እጭ ከሚያድግበት የውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ፀሐይ በምትበረታበት በዚሁ ሰዓት ነው። ቆዳ በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። መረብ የሚያጥበው ልጅ ትምህርት ቤት ካልገባ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የለም፤ ትንሿም እንዲሁ።

መድኃኒቱም በአብዛኛው ያንኑ መንገድ ይከተላል። በዘመቻ ጊዜ ፕራዚኳንቴል የሚታደለው በብዛት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ልጁ ቁመት መለኪያው እንጨት ሥር ይቆማል፣ ኪኒኑ በቁመቱ ልክ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ግን፣ ከሕዝቡ 10 በመቶና ከዚያ በላይ በሚያዝበት አካባቢ ከ2 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ያለ ሁሉ እንዲታከም መክሯል። ኪኒኑም ቢሆን ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ፣ ልጁ ነገ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሲገባ እንደገና ከመያዝ አያድነውም።

በዚሁ ከተማ ቧንቧ ግቢው ድረስ የገባለት ልጅ ጣናን የሚያውቀው በእሁድ ሽርሽር ነው። የሁለቱን ልጆች ልዩነት በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የተሠራ ጥናት ሊያሳየን አይችልም። ተማሪዎቻችን ቤት ለቤት ይሂዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መንገዱን ታሳያቸዋለች። ታንኳ ሠሪዎቹ መንደርም ይግቡ። ቦኖው ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፣ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ፣ ልጁ ገላውን የት እንደሚታጠብ ይጠይቁ።

ደግሞ ይመለሱ። ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት፣ የልጃቸው ሰገራ ተወስዶ ምን እንደተገኘበት የነገራቸው ሰው እንደሌለ አጫውተውኛል። ይህ ያሳፍረኛል። የታመመው ልጅ መድኃኒቱን ሳያገኝ ጥናቱ ተጠናቀቀ ሊባል አይገባም። ከዚያም ግማሽ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ እድር ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ለጤና ጣቢያው ይድረስ። አማካሪ መምህራንም ይህ መሆኑን ሳያረጋግጡ የመጨረሻውን ገጽ ባይፈርሙ እመርጣለሁ።