መጋዙን የያዘው ወይስ ያስያዘው?

እየሳቀ ሰው የሚጨርስ አለቃ ሲመጣ ጥፋቱ የሱ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ? አንዲት የሰው ሀብት ባለሙያና አንድ ጡረታ የወጡ ኦዲተር ተሟግተውበታል። መነሻቸው «መጋዙ አል» ይባል የነበረው አሜሪካዊው ሥራ አስኪያጅ አል ደንላፕ ነው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ባለሙያዋ፦ የሰውዬው ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ደንላፕ በ1970ዎቹ ከሁለት ድርጅቶች ተባሯል። ሲቪው ላይ ግን ሁለቱም የሉም። ይህ የተጋለጠው በ2001 ነው። እስከዚያ የወረቀት አምራቹ ስኮት ፔፐር ገብቶ 11,000 ያህል ሠራተኛ ቀነሰ። በ1996 የቤት ዕቃ አምራቹን ሰንቢምን ያዘና ከ12,000 ሠራተኛ ግማሹን አሰናብታለሁ አለ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ሄር ለሳይኮፓትነት፣ ማለትም ለሰው ርኅራኄ ለሌለው ጠባይ፣ 20 መለኪያ አውጥቷል። አፈ ቅቤነት፣ ውሸት፣ ጸጸት ማጣት አሉበት። ከፖል ባቢያክ ጋር በ2010 ባወጡት ጥናት ከ203 የኩባንያ ሰዎች 4 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ ነጥብ አግኝተዋል። ስለዚህ በር ላይ እንፈትሽ!

ኦዲተሩ፦ ልጄ፣ ከ203 ሰው 4 በመቶ ስምንት ሰው ነው። በስምንት ሰው የዓለምን አለቃ ሁሉ አትመዝኚ። ደንላፕንስ ማን ሐኪም መርምሮት ነው ሳይኮፓት የምንለው? እኔ የማውቀው ሒሳብ ነው። ሰንቢም ደጅ ላይ ሥጋ የሚጠበስበት ምድጃ ይሸጣል። ሰዉ የሚገዛው ሲሞቅ ነው። በ1997 መጨረሻ ግን፣ በዚያ ብርድ፣ ምድጃው ለነጋዴዎች በቅናሽ ተሸጠ ተብሎ ተመዘገበ። ዕቃው መጋዘን ቁጭ ብሏል። ገንዘቡም ገና አልተከፈለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቶር ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽያጭ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ደረሰኝ የሚቆርጥ አለ። የሚፈርም አለ። አይቶ የሚያሳልፍ ኦዲተርም አለ (የኔው ሙያ፣ ያሳፍራል)። ደግሞ ሹመቱ የተሰማ ዕለት የሰንቢም አክሲዮን ዋጋ በ50 በመቶ ያህል ዘለለ። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ! ገበያው የፈለገው መጋዙን ነው።

ባለሙያዋ፦ እሺ ጋሼ፣ የበሽታውን ስም እንተወው። አንድ አለቃ ነበረኝ። ለዳይሬክተሩ ወንበር የሚስብ። አንድ ቀን ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ስኳር አሳነሰች ብሎ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ደፋውና «ጥረጊው» አላት። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «የልጅሽ ልደት እንዴት ነበር?» አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ይሄንን መሥሪያ ቤቱ አላስተማረውም። እኛም እዚያው ነበርን።

ኦዲተሩ፦ ዳይሬክተሩ ታዲያ ወንበር ሲሳብለት ጠልቶ ነበር? ሴትዮዋስ አቤት የምትለው ለማን ነው? አንቺስ ምን አልሽ?

ባለሙያዋ፦ ምንም። የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

ኦዲተሩ፦ በይ እንግዲህ። ሰንቢምም እንደዚሁ ነው። ቦርዱ ደንላፕን ያባረረው በሰኔ 1998፣ አክሲዮኑ ከወደቀ በኋላ ነው። ሠራተኛው ሲበተን እንቅልፉን ተኝቶ ነበር።

ባለሙያዋ፦ ቢሆንም ሲቀጥሩት አንድ ሰው ስልክ አንስቶ የድሮ ቤቱን ቢጠይቅ ኖሮስ? እኔ አሁን ማንንም ሳልደውል አልቀጥርም።

ኦዲተሩ፦ እውነቱን የሚነግሩሽ መሰለሽ? ጥሩ የሥራ ልምድ ጽፈው የሸኙት እኮ ሊገላገሉት ነው።

ባለሙያዋ፦ አለቆቹን ማን ይጠይቃል ጋሼ? ሻይ የምታፈላውን ነው የማስጠራው።