ሰላም ቤተሰብ! 4 ቦታ ብቻ ቀረ

ባለቤቴ ጉሊት ስትወጣ አብሬያት ባልሄድ እመርጣለሁ። አንዷን ቲማቲም ታነሳለች። ታገላብጣለች። ጫን ታደርጋታለች። መልሳ አስቀምጣ ሌላዋን ታነሳለች። ለአምስት ብር ልዩነት ሦስት ጉሊት ታዞረኛለች። ሻጯን ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ እናውቃታለን። የልጇን ክርስትና በልተናል።

ይህችው ሴት ናት 11,400 ብር፣ ፊቱን አይተነው ለማናውቅ ልጅ በቴሌብር የላከችው። እኔ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ቦታ ሊያልቅ ነው» እያልኩ አጣድፋት ነበር።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃውም እኛ የምንተኛበትን ሰዓት አጥንቶ ነው የሚመጣው። ከኮሪደራችን ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ሰው ሐይቅ ልይ ቢል አይፈረድበትም። ደግሞ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከእኛው ደጅ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ልሙጥ አስፋልት! ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሐዋሳ ሲፈተለክ እኛ በረንዳ ላይ ልብስ እናሰጣለን።

ታዲያ ከፋሲካ በፊት የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። (ግሩፑ የተከፈተው ለጥበቃ ደመወዝ ማዋጫ ነው። ለደመወዙ ሲሆን አንድም ሰው አይመልስም።) «ሰላም ቤተሰብ! ለዳግማይ ትንሣኤ ላንጋኖ! 2 ቀን፣ 1 ሌሊት። ትራንስፖርት፣ አዳር፣ ቁርስ፣ ካምፕ ፋየር፣ ዲጄ፣ የድሮን ቪዲዮ። 3,800 ብር ብቻ፣ ልጆች በግማሽ። ፍጠኑ፣ 4 ቦታ ብቻ ቀረ!»

የእውነት ቤተሰቤ ብር ሲፈልግ «ስማ አንተ» ነው የሚለኝ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከማስታወቂያው ሥር ፎቶ አለ። ሰማያዊ ውሃ፣ አሸዋው ከሥር እስኪታይ የጠራ። ዳር ላይ ኮኮናት ዘንበል ብሏል። እንግዲህ ላንጋኖን አንድ ቀን ያየ ሰው ውሃው ቡናማ መሆኑን ያውቃል። ማኪያቶ ነው የሚመስለው። እኔ ተማሪ ሳለሁ በነጭ ካናቴራ ገብቼ በሌላ ቀለም ወጥቻለሁ። ይህንኑ ለጎረቤታችን፣ ለጡረተኛው ጋሼ ነገርኳቸው። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ እያደረጉ አዩትና «ፊልተር ነው ልጄ» አሉኝ።

«ኮኮናቱስ ጋሼ?»

«እሱም ፊልተር ነው።»

የማሙሽ እናት አራት ሰው አስመዘገቡ። «4 ቦታ ብቻ ቀረ» ተባለ። ጋሼ ለሁለት ከፈሉ። አሁንም 4 ቀረ። እኛ ከእነልጆቻችን አራት ሆነን ገባን፤ 4 ቀረ። ከአምስቱ እንጀራና ከሁለቱ ዓሣ ወዲህ እንዲህ ያለ በረከት አልሰማሁም።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው የባንክ ሠራተኛ ብቻ «ንግድ ፈቃድ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እኛ አፈርንላት። ልጁ ግን «በደስታ እህቴ» ብሎ ወዲያው የፈቃድ ፎቶ ላከ። ማኅተም አለው። አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ነገርም አለው። «አያችሁ!» ተባባልን። አንዳችንም አጉልተን አላየነውም። ኋላ ጣቢያ ስንሄድ መርማሪው በሁለት ጣቱ ሲለጥጠው፣ የንግድ መስኩ ላይ «የሕንፃ መሣሪያዎች ችርቻሮ» ይላል። የሰው ፈቃድ ነው ያሳየን። ፈቃድ እኮ አሁን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋል፣ ሚኒስቴሩ ራሱ ያወጣዋል። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኛ ያቺን ሁለት ደቂቃ ዲጄው መዝሙር ያጫውታል አያጫውትም ብለን ስንከራከር ጨረስናት።

ቴሌብርም የድርሻውን ተናግሯል። ብሩን ጽፈህ የምስጢር ቁጥርህን ሳታስገባ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳይሃል። የመጣው ስም የልጁም አይደለም፣ የድርጅቱም አይደለም፤ የአንዲት ሴት ነው። ባለቤቴ ጣቷን አንጠልጥላ አየችኝ። ደወልኩለት።

«ካሸራችን ናት፣ ጋሼ» አለ።

ጋሼ ሲለኝ ደስ አለኝ። «ካሸራቸው ናት» አልኳት። ጣቷ ወረደ።

የሚያበሽቀኝ እኔ የዋህ አለመሆኔ ነው። የአክስቴ ልጅ ለገና ላሊበላ ሊሄድ ከአንድ ደላላ በርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ገዝቶ ነበር። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ተላከለት። የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገባው ስሙ ወጣ። እልል አለ። ቦሌ ሲደርስ ግን ለካስ ቦታ ተይዞለት እንጂ ተከፍሎለት አያውቅም፤ የመክፈያው ጊዜ ሲያልፍ ቦታው በራሱ ተሰርዟል። የተከፈለበት ቲኬት ባለ 13 አሃዝ ቁጥር አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። «ሥጋ ቤት ወንበር ያዝልኝ ማለትና ጥብስ ማዘዝ አንድ ነው እንዴ?» እያልኩ ከገና እስከ ፋሲካ ሳቅኩበት። አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ምስኪኑ ያየው በቴሌቪዥን ነው።

የመነሻው ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ከንጋቱ 11:30 አደባባዩ ጋ ተሰብስበናል። የማሙሽ እናት ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል። ጋሼ ከተሠራ ጀምሮ ዝናብ ነክቶት የማያውቅ ባርኔጣ አድርገዋል። የእኛ ዶሮ ወጥ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ልጆቹ ገና በጨለማው የዋና መነጽር አድርገዋል። ሁላችንንም ሰብስቤ ሰልፊ አነሳሁና «ዝግጁ ነን!» ብዬ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ልጁ ወዲያው ልብ ላከልን። የላከልን የመጨረሻ ነገር እሷ ናት።

12:00 ሆነ። «መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» አልን። 12:30 ሆነ። ስንደውል ያቺ ልስልስ ድምፅ ያላት ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትላለች። ጋሼ «ይህቺም ካሸራቸው ትሆን?» አሉ። አንድ የሚኒባስ ረዳት ጓዛችንን ዓይቶ «ቤት እየቀየራችሁ ነው?» አለን። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ዶሮው ተፈታ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኛ እኮ ፈረሱንም አላየነው።

ጣቢያ መርማሪው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን። «ከመሃላችሁ ያጣራው ማነው?»

እኔ የከፈልኩት የማሙሽ እናት ከፍለዋል ብዬ ነው። የማሙሽ እናት ጋሼን አይተው። ጋሼ ደግሞ የባንኳ ልጅ ፈቃዱን መርምራዋለች ብለው። የባንኳ ልጅ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እኔማ እርስዎ ላንጋኖን አውቀዋለሁ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ቲማቲም ሻጯን ፊት ለፊት «ይሄ በስብሷል» ለማለት ይሉኝታ አይዘንም። የማናውቀውን ልጅ ግን «አንተ ማነህ?» ማለት ነውር መሰለን። «ቤተሰብ» ብሎናላ! እኔማ ቢቆጣና ቦታዬን ለሌላ ቢሰጥብኝ ብዬም ፈርቻለሁ። ከማያልቁት አራት ቦታዎች አንዱን።

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ድምፁ ደስ ደስ ብሎታል።

«ስማ አንተ፣ ላንጋኖ ሄዳችሁ አትነግረኝም?»

«ማን አለህ?»

«ፎቶህን አየሁዋ! ‹ሰላም ቤተሰብ! ለጰራቅሊጦስ ወንጪ! 4 ቦታ ብቻ ቀረ› ይላል። ከሥሩ እናንተ አላችሁ። ‹ደስተኛ ደንበኞቻችን› ብለዋችኋል። አንዲት እናት ድፎ ይዘው፣ አንተ ጥርስህን ገልፍጠህ። ያን ያህል ስቀህብኝ መቼስ ሳታጣራ አትሄድም ብዬ አሁን ለሦስት ሰው ላክሁ።»

ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

«ብቻ ስሙ የሴት ሆነብኝ» አለ። «ካሸራቸው ናት አይደል?»