የጌንቴ ፎቶዎች፦ የቻይናታውን ማስረጃ ናቸው ወይስ ምኞት?

ጀርመናዊው አርኖልድ ጌንቴ እ.ኤ.አ. በ1895 የአንድ ባሮን (የመኳንንት ማዕረግ ያለው ሰው) ልጅ ሊያስተምር አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ትንሽ ካሜራ ይዞ የከተማዋን የቻይናውያን ሰፈር፣ የቻይናታውንን ሰዎች በድብቅ ያነሳ ጀመር። እኛ ሁለታችን ስለ ፎቶዎቹ አልተስማማንም።

ደጋፊ፦ እኔ ለእሱ እቆማለሁ። በኤፕሪል 1906 የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ ያንን ሰፈር አመድ አደረገው። የጌንቴ ስቱዲዮም አብሮ ነደደ። የቻይናታውን ኔጋቲቮቹ (ፎቶ የሚታተምባቸው ዋና ቅጂዎች) የተረፉት ጸሐፊ ወዳጁ ዊል ኧርዊን «ቃጠሎ ቢነሳ ያልቁብሃል» በሚል ስለወተወተው ካዝና ስላስገባቸው ነው። ወደ 200 የሚጠጉ ናቸው። አትክልት ሻጩን፣ ፊኛ ሻጩን፣ የበዓል ልብስ የለበሱትን ሕፃናት ሌላ የት እናያቸው ነበር?

ተቃዋሚ፦ መትረፋቸውስ ተረፉ፣ እህቴ፣ ግን ምን ሆነው ታተሙ? ተመራማሪው ጆን ኩዎ ዌይ ቼን ጉዱን አውጥቶታል። ጌንቴ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ፍቋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፍቷል፣ ዳር ላይ የቆመ ነጭ ሰው ቆርጦ ጥሏል። ሰፈሩ ሩቅ አገር እንዲመስል ነው። ያውም ከ1882 ጀምሮ ቻይናውያን ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ በሕግ ታግደው ባሉበት፣ «እነዚህ መቼም ከእኛ ጋር አይዋሃዱም» በሚባልበት ዘመን። ፎቶዎቹን ያሳተመበትን የ1908ቱን መጽሐፍ የገዛ ሰው ሽቦው እንደነበረ በምን ይወቅ? «የቁማርተኞች ጎዳና» ያለውን እዪው። ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች ጠባብ መንገድ ላይ ጢም ብለው ቆመዋል። አንድም ሰው ቁማር ሲጫወት አይታይም። ስሙን የለጠፈባቸው እሱ ነው።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ መንገዱ ሮስ አሊ ነው፤ ቁማር ቤት ነበረበት። ፍቆ ማጥፋቱን ግን አልከራከርህም፣ እኔንም ያናድደኛል። ሆኖም የተቆረጠውን ማወቅ የቻልነው ከራሱ ኔጋቲቮች ነው፣ ጥሏቸው ቢሆን ምን ይዘን እንከሰው ነበር?

ተቃዋሚ፦ ተነሺዎቹስ? ካሜራ ሲያዩ እንደሚሸሹ ያውቃል። ስለዚህ ተደበቀባቸው። አልፈልግም ያለን ሰው ተደብቆ ማንሳት ለእኔ ነውር ነው። ሕፃናቱንም ብትዪ ሠራተኞች ሚስት ማምጣት በተከለከሉበት ሰፈር ጥቂት ነበሩ፤ እሱ ግን ደጋግሞ ያሳየናል።

ደጋፊ፦ ጥቂት ስለነበሩማ ነው የምሳሳላቸው! የጥልፍ ልብስ ለብሳ የትልቅ ሰው እጅ የያዘችውን ልጅ ልብ ብለህ እያት። ያን ቀን እዚያ መንገድ ላይ ነበረች፤ ያንን እሱም አልፈጠረውም።