የተግባራዊ ቴአትር ባለሙያ፦ ቦታው ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ መድረክ?

ተግባራዊ ቴአትር ለትምህርት፣ ለጤናና ለማኅበራዊ ጉዳይ የሚሠራ፣ ተመልካቹንም ተሳታፊ የሚያደርግ ቴአትር ነው። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛ ዲግሪ የሚያዝበትና የማዕረግ ዕድገት የሚገኝበት ዘርፍ ሆኗል። ይህ ሥራውን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ደጋፊ

በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት መልካም ሥራዎች ብዙዎቹ ከታዩበት አዳራሽ አልወጡም። ገንዘቡ ያልቃል፣ ተዋንያኑ ይበተናሉ፣ ቀጣዩ ቡድን ያንኑ ስህተት ሊደግም ይመጣል። ይህን የሚያስቀረው የሚመዘግብ፣ የሚተችና የሚያስተምር ቋሚ ሰው ሲኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 በቦትስዋና የተጀመረውን ላኤድዛ ባታናኒን እንመልከት። ድራማ፣ አሻንጉሊትና ዘፈን ይዞ ወደ ገጠር የወጣ የጎልማሶች ትምህርት ዘመቻ ነበር፤ በአፍሪካ ብዙዎች ተከተሉት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ሮስ ኪድና ማርቲን ባይራም የራሳቸውን ዘመቻ መርምረው፣ አጀንዳውን ይወስን የነበረው ድሃው ሳይሆን ባለሥልጣኑና ባለሙያው እንደነበር ጻፉ። ያ ትችት በምርምር መጽሔት ባይታተም ኖሮ ከእኛ ዘንድ ባልደረሰ።

በጤናም እንዲሁ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1963 ጤነኛ ሰው የታማሚን ገጸ ባሕርይ አጥንቶ እንዲጫወት አድርገው የሕክምና ተማሪዎችን ሲፈትኑ ብዙዎች አጣጥለውባቸው ነበር። አሠራሩ ተጽፎ፣ ተተችቶና ተፈትኖ ዛሬ በብዙ አገሮች የሕክምና ትምህርት አካል ሆኗል።

ተቃዋሚ

እኅቴ፣ ባሮውስ ሐኪም ነበሩ፤ የገቡትም በሕክምናው በር ነው። እርስዎ የሚሟገቱላት የቴአትር ምሁር በየትኛው በር ትገባለች? የቴአትር ትምህርት ክፍሉ «ይህ የጤና ትምህርት ነው» ይላታል፤ የጤና ፋኩልቲው «ይህ ጥበብ ነው» ብሎ ይመልሳታል። ለዕድገት ስታመለክት ደግሞ የሚቆጠርላት የታተመ ጽሑፍ እንጂ የሠራችው ሥራ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ምርምሩ ቴአትሩን የሚያስገድደው ነገር ነው። ስለ ሳንባ ነቀርሳ የፎረም ቴአትር፣ ማለትም ተመልካቹ ትዕይንቱን አስቁሞ በተዋናይ ቦታ የሚገባበት ቴአትር፣ ተዘጋጀ እንበል። ሕክምናው በተለመደው መንገድ ስድስት ወር ይፈጃል፤ በድራማው ታማሚዋ ሲሻላት መድኃኒቱን ታቋርጣለች፣ መጨረሻዋም አያምርም። ከዚያ ትዕይንቱ እንደገና ይጀመራል። ከተመልካቹ አንዲት ሴት «ቁም!» ብላ ተነሥታ በተዋናይዋ ቦታ ትገባለች። ደራሲው ታማሚዋ የረሳች መስሎት ነበር። ይህች ሴት ግን ክኒኑን ከኪሷ አውጥታ ዙሪያዋን ታያለች፣ መልሳም ትከተዋለች፤ አሠሪዬ ካየችኝ ታባርረኛለች ትላለች። ጥሩ ቡድን በማግሥቱ ልምምድ ላይ አሠሪዋን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ያስገባል። ተመራማሪዋ ግን ይህን ማድረግ አትችልም፤ ውጤቱን ለማወዳደር በየመንደሩ አንድ ዓይነት ድራማ መታየት አለበትና። ከትርኢቱ በኋላ መጠይቅ ታድላለች፤ ሰዉ ከደቂቃዎች በፊት የሰማውን መልሶ ይሞላል፤ «ግንዛቤ ጨመረ» ተብሎ ይታተማል!

የፎረም ቴአትር ፈጣሪው ብራዚላዊ አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1992 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ ሕዝቡ በፎረም ቴአትር ካነሣቸው ሐሳቦች 13 ሕጎች ወጡ። ከዚህ የበለጠ የውጤት ማስረጃ ምን አለ? የትኛውም የዕድገት ኮሚቴ አልጠየቃቸውም።

ደጋፊ

ወንድሜ፣ የገለጹት ድክመት የመጥፎ ጥናት ነው። ቋሚ መሆን ያለበት ቃለ ተውኔቱ ሳይሆን ሂደቱ ነው፦ ትዕይንቱ ይታያል፣ ይቆማል፣ ተመልካች ይገባል፣ ውይይት ይደረጋል። በዚያ ውስጥ የሚነገረው ከመንደር መንደር ቢለያይ ጥናቱ አይፈርስም፤ እንዲያውም ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። መጠይቁም በዕለቱ ብቻ አይደለም የሚሞላው፤ ከወራት በኋላ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ማን ሕክምናውን እንደጨረሰ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ጥበብና ጤና ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የቃኘ ሪፖርት ሊያወጣ የቻለው እነዚህን ጥናቶች የሠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ያቺ ሴት ግን ታሳስበኛለች። በጎረቤቶቿ ፊት ሕመሟን ገልጣለች። እርስዎ የሚያደንቁት ቡድን በማግሥቱ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ወሬው አሠሪዋ ጋ ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ይጠይቃል፦ ፈቃደኝነቷ እንዴት ይረጋገጣል? በአዳራሹ ነርስ አለች? ከትርኢቱ በኋላ ወዴት ትላካለች? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ መድረክ ላይ ሰው የሚያወጣ ሁሉ ሊያፍር ይገባዋል።

ተቃዋሚ

ነርሷ መኖር አለባት፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም እርሷን ለማስቀመጥ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይበቃል፤ ፕሮፌሰር አያስፈልግም።

እርስዎም ለዕድገት የሚቆጠረው ጽሑፉ እንጂ ሥራው አይደለም ስል ያነሣሁትን አልነኩትም። ድራማውን ከነዋሪው ጋር የፈጠሩት ተዋንያን በኮንትራት ይቀጠራሉ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሰናበታሉ። ጽሑፉ ላይ ስማቸው የለም፤ ቢበዛ በምስጋናው ገጽ «ተዋንያኑን እናመሰግናለን» ይባላል። በእነርሱ ሥራ ዕድገት የሚያገኘው ሌላ ነው። ዘርፉ የተነሣው ለማይሰሙት ድምፅ ልሰጥ ብሎ ከሆነ፣ መጀመሪያ እነዚህ ይሰሙ። የዕድገት ኮሚቴዎን አሳምነው ልምምዱንና የመስክ ሥራውን እንደ ምርምር ያስቆጥሩ፤ የተዋንያኑንም ስም በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ከስምዎ ጎን ያስፍሩ። ያን ጊዜ ስለ ዶክትሬቱ እንነጋገራለን።