ማስተካከያ፦ ሁሉንም በድሬ ሙቀት ማሳበቤ ስህተት ነበር

ባለፈው ሳምንት ስለ ድብርት መድኃኒቶች ስጽፍ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ። ፍሉኦክሰቲን የጀመረ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣበት «የድሬ ሙቀት ነው፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ» ብዬ ነበር። ከዚራ አካባቢ የምትሠራ ፋርማሲስት አንብባው ደወለችልኝ። ልክ ናት።

ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ከስንት አንዴ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ያወርዳሉ። ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘው ሆርሞን ይበዛል፤ ውሃው ይከማችና ጨዉ ይቀጥናል። እንዲህ በሆነ ሰው ላይ ውሃ መጨመር ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው አዛውንቶችንና ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚወስዱትን ነው። ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ከወደቀ ጥላ ሥር ማስቀመጥ አይበቃም። ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድና ሶዲየሙ በደም ምርመራ ይታይ። እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሙቀቱንም ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣሁትም። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ሰውነት የሚቀዘቅዝበትን ላብ ሊቀንስ ይችላል፤ በግንቦት፣ ድሬ ላይ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም አይገባም ያልኩት ግን እንዳለ ነው።